ያላነበቡትን ስለ መፍረድ

ሰው በልቡ ይፈርዳል፥ በአንደበቱ ይፈርዳል፥ በብዕሩም ይፈርዳል። በልቡ የፈረደው ቢሳሳት ጉዳቱ ከራሱ አያልፍም፤ በአንደበቱ የፈረደው ቢሳሳት ሰሚዎቹ ባለፉ ጊዜ አብሮ ያልፋል፤ በብዕሩ የፈረደው ግን ጸሐፊው ከሞተ በኋላ እንኳ ሲፈርድ ይኖራል። አባቶቻችን ስለ አንደበት ሲናገሩ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለዋል፤ ከብዕር ስለ ወጣውማ ምን ይባል ይሆን?

ስለዚህ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ሰው ባላነበበው መጽሐፍ፥ ቋንቋውን በማያውቀው ሕዝብ ጥበብ፥ መዝገቡን በሚገባ ባልመረመረው ባለጉዳይ ላይ ሊፈርድ ይገባዋልን? «አይገባውም» ብሎ በአንድ ቃል መመለስ ቀላል ነው። ዳሩ ግን ይህን «አይገባም» የምንለውን ነገር ሳናደርግ የምንውልበት ቀን ጥቂት መሆኑን ኅሊናችን ያውቃል። ስለሆነም ጥያቄውን በባዶው ከምናነሣው በአንድ ሰው ሕይወትና ሥራ ላይ አሳርፈን ለመመልከት ፈቀድን። ሰውየውም እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ፥ ባለቅኔና የመንግሥት ሰው ሎርድ ማኮሌይ ነው። እርሱን የመረጥነው ክፉ ሰው ስለ ነበረ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ስሕተቱን ሁሉ በክፋቱ አሳብበን በሰላም እናልፍ ነበር። ማኮሌይ ግን ብዙ ጊዜ ለተገፉት የተሟገተ፥ ዘመኑን ሙሉ በመጻሕፍት መካከል የኖረ ሰው ስለ ነበረ፥ የእርሱ ስሕተት የእያንዳንዳችን ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ቶማስ ባቢንግተን ማኮሌይ የተወለደው በ1800 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በሌስተርሺር አውራጃ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ዘካሪ ማኮሌይ በወጣትነቱ በጃማይካ ደሴት በስኳር አገዳ እርሻ ላይ ተቀጥሮ ሲሠራ የባሪያዎችን መከራ በዐይኑ ስላየ፥ ቀሪ ዘመኑን የባሪያ ንግድንና ባርነትን ለማጥፋት ለሚደረገው ትግል የሰጠ ሰው ነበር። ልጁ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረ። በ1825 ኤዲንበርግ ሪቪው በተባለው መጽሔት ስለ ባለቅኔው ስለ ሚልተን ያወጣው ድርሰት ስሙን በአንድ ጊዜ አስጠራው።

በ1830 ወደ ፓርላማ በገባ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ንግግር እንኳ ለራሱ ወገን የተደረገ አልነበረም፤ በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ አይሁዶች በሃይማኖታቸው ምክንያት ከሕዝብ ሥራ እንዳይከለከሉ የሚሟገት ነበር። አይሁዶች ወደዚያ ፓርላማ ለመግባት የተፈቀደላቸው ከዚያ 28 ዓመት ቆይቶ በ1858 ነው። እንደዚሁም በ1833 መንግሥት ስለ ባርነት መሻር ያዘጋጀው ሕግ ለባሪያዎቹ የሚገባቸውን ሁሉ አይሰጥም ብሎ ስላመነ፥ ሹመቱን ለመልቀቅ ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ከሀብት ወድቆ ስለ ነበረ ደመወዙ የሚያስፈልገው ሰው ነበር። ለእውነት ሲል እንጀራውን አደጋ ላይ ለመጣል የተዘጋጀን ሰው አቃልሎ ማየት አይገባም።

በ1834 የሕንድ የበላይ ምክር ቤት የሕግ አባል ሆኖ ሕንድ ገባ። ደመወዙ በዓመት 10,000 ፓውንድ ስለ ነበረ፥ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ቢቆጥብ ከዚያ ወዲያ የማንም ጥገኛ ሳይሆን በነጻነት ለመጻፍ እንደሚችል ተስፋ አድርጎ ነበር። በዚያም ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ቆየ። በዚህ ጊዜ የሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። በሕንድ የሚኖሩ እንግሊዛውያን በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ለብቻቸው የነበራቸውን የይግባኝ መብት የሚያስቀር ሕግ በ1836 ሲወጣ ዋናው ደጋፊ እርሱ ነበር። በዚህም ምክንያት የካልካታ እንግሊዛውያን በጋዜጦቻቸው ክፉኛ ሰደቡት፤ እርሱ ግን ጋዜጦች ነጻ ይሁኑ ከሚለው አሳቡ አልተመለሰም። እርሱ የመራው ኮሚሽን በ1837 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ አቀረበ። በረቂቁ ውስጥ ከብዙ አንቀጾች ሥር ትርጕሙን የሚያስረዱ ምሳሌዎች ተጨምረው ነበር፤ ሕጉን የሚፈራው ሰው ሕጉን ያስተውለው ዘንድ ይገባል የሚል አሳብ ነበረውና። ረቂቁ ከብዙ መዘግየትና መሻሻል በኋላ በ1860 ጸደቀ፤ በ1862ም ሥራ ላይ ዋለ። በሕንድ አገር በ2024 በሌላ ሕግ እስኪተካ ድረስ ከ160 ዓመት በላይ አገልግሏል።

እንግዲህ መልካሙን ከተናገርን በኋላ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1813 ባወጣው ሕግ በሕንድ ለሥነ ጽሑፍና ለትምህርት ማስፋፊያ በየዓመቱ 100,000 ሩፒ እንዲመደብ ተወስኖ ነበር። ይህ ገንዘብ በምን ቋንቋ ለሚሰጥ ትምህርት ይዋል በተባለ ጊዜ የሕዝብ ትምህርት ኮሚቴው አባሎች እኩል ለእኩል ተከፈሉ። ግማሾቹ በሳንስክሪትና በዐረብኛ የሚሰጠው የቆየ ትምህርት ይርዳ አሉ፤ ግማሾቹ በእንግሊዝኛ ይሁን አሉ። ማኮሌይ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1835 ዝነኛውን የጽሑፍ አስተያየት አቀረበ። በሚከተለው ወር ጠቅላይ ገዥው ሎርድ ዊልያም ቤንቲንክ ገንዘቡ ለእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲውል ወሰነ። ማኮሌይ እንዲዘጉ ያሳሰባቸው የካልካታው መድረሳና የሳንስክሪት ኮሌጅ ባይዘጉም፥ የምሥራቅ መጻሕፍት በመንግሥት ገንዘብ መታተማቸው ቀረ። መታተም ጀምሮ የነበረውን ታላቁን የማሃባራታ መጽሐፍ እንኳ የእስያ ማኅበር የተባለው የሊቃውንት ጉባኤ ተረክቦ በ1839 አስፈጸመው።

በዚያ አስተያየት ውስጥ ማኮሌይ ሳንስክሪትንም ዐረብኛንም እንደማያውቅ በግልጽ ተናግሯል። ከሁለቱ ቋንቋዎች የተተረጐሙ ዝነኛ መጻሕፍት ማንበቡንና ቋንቋዎቹን የሚያውቁ ሰዎች ማነጋገሩንም ጨምሮ ገልጿል። ከዚህ በኋላ ግን የሕንድና የዐረብ ሥነ ጽሑፍ ሁሉ በአንድነት ተሰብስቦ ከአውሮፓ መጻሕፍት ጥቂቱን ያህል እንኳ እንደማይመዝን ፈረደ። ታሪካቸውን፥ ሕክምናቸውን፥ የከዋክብት ትምህርታቸውን በፌዝ አለፈው። ጽሑፉ እንደ ጽሑፍ ግሩም ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሌላውን እየገፋ አንባቢውን ሳያስተነፍስ ወደ ውሳኔው ያደርሰዋል። ጉዳቱም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ቃሉ እጅግ ያማረ ስለ ሆነ፥ በመካከሉ ያለው የአለማወቅ ኑዛዜ ሳይስተዋል ያልፋል። ሰው አለማወቁን መናዘዙ መልካም ነው። ዳሩ ግን ኑዛዜ ፍርድን ካላለዘበ፥ ዕዳ አለብኝ ብሎ ሳይከፍሉ እንደ መሄድ ነው።

እዚህ ላይ የሰውየውን ተፈጥሮ ማሰብ ያስፈልጋል። ማኮሌይ ቋንቋ መማር የሚቸግረው ሰው አልነበረም። ግሪክኛና ላቲን ከልጅነቱ ጀምሮ የተዋሐዱት ነበሩ፤ ፈረንሳይኛ፥ ጣልያንኛና ስፓኝኛም ያነብ ነበር። አዲስ ቋንቋ መማር ሲፈልግ፥ አሳቡን አስቀድሞ የሚያውቀውን መጽሐፍ ቅዱስ በዚያ ቋንቋ በማንበብ መጀመር ልማዱ ነበር። በ1838 ከሕንድ ወደ አገሩ ሲመለስ የመርከቡን ረጅም ጉዞ ጀርመንኛ ለመማር መደበው። በሕንድ በነበረበት ጊዜም የግሪክንና የላቲንን ጥንታውያን ደራስያን እንደገና በሰፊው አነበበ። እንግዲህ ጊዜ አጥቶ ነው እንዳንል ጊዜ ነበረው፤ ችሎታ አጥቶ ነው እንዳንል ችሎታ ነበረው። ያጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በዚያ በኩል የምማረው ነገር ይኖር ይሆናል ብሎ መጠርጠር ነው።

ይህን ያልነው በዛሬ ሚዛን መዝነነው እንዳይመስል፥ ከእርሱ 50 ዓመት ያህል ቀድሞ በዚያው በካልካታ የኖረ ሌላ እንግሊዛዊ እንጥቀስ። ሰር ዊልያም ጆንስ በ1783 የካልካታ የበላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ መጣ። ሕንዶች በገዛ ሕጋቸው የሚዳኙበት ጉዳይ ሲቀርብ፥ የሕጉን ቃል ለእንግሊዛውያን ዳኞች የሚነግሯቸው የአገሩ ሊቃውንት ነበሩ። ጆንስ ግን ራሱ አንብቦ ያላረጋገጠውን ሕግ መሠረት አድርጎ መፍረድ ስላልወደደ በ1785 ሳንስክሪት መማር ጀመረ። ለፍርድ ሥራ የተጀመረው ትምህርት ከፍርድ ቤት አልፎ ሄደ። በ1786 ሳንስክሪት፥ ግሪክኛና ላቲን ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የወጡ መሆን አለባቸው ብሎ ተናገረ፤ ይህም አሳብ ለቋንቋዎች ንጽጽር ጥናት መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። በ1789 ሻኩንታላ የተባለውን የካሊዳሳን ተውኔት ተርጕሞ አሳተመ፤ ተውኔቱም የጀርመኑን ታላቅ ባለቅኔ ጎተን ሳይቀር አስደነቀ። ከላይ የጠቀስነውን የእስያ ማኅበርንም በ1784 ያቋቋመው እርሱ ነው። ጆንስም ቢሆን የቅኝ ገዥዎች ሹም ነበር፤ ሕንድ በእንግሊዝ መገዛቷን አልተቃወመም። ልዩነቱ በሹመታቸው አይደለም። አንዱ ለመፍረድ ብሎ አነበበ፤ ሁለተኛው ሳያነብ ፈረደ።

ማኮሌይ ሳይመረምር የጣለው ነገር ምን ያህል እንደ ነበረ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስለ ገንዘቡ ክርክር የተነሣበትን ሒሳብ ብቻ እንመልከት። መቶ ሺህን በአንድ ቁጥርና በአምስት ዜሮ ለመጻፍ የሚያስችለው ዘዴ፥ ማለት ቁጥር በቆመበት ስፍራ ዋጋው የሚለዋወጥበትና ባዶው ስፍራ በዜሮ የሚያዝበት አጻጻፍ፥ ከሕንድ ሊቃውንት የተገኘ ነው። ከእነርሱ ወደ ዐረቦች፥ ከዐረቦችም ወደ አውሮፓ ተላለፈ። በሌላ አነጋገር፥ የአውሮፓ ነጋዴና መሐንዲስ ሁሉ የሚያሰላበት አኀዝ የመጣው ማኮሌይ በናቃቸው በሁለቱ ቋንቋዎች በኩል ነው። እኛም የራሳችን የግእዝ አኀዝ ሳለን፥ በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የቈጠርነው በዚሁ ከሕንድ በመጣው አኀዝ ነው። ሰው በእጁ የያዘውን መሣሪያ የሠራለትን ወገን ሲንቅ ከማየት የበለጠ የአለማወቅ ምሳሌ አናገኝም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የቅኔው ነገር ነው። ማኮሌይ በ1842 ስለ ጥንታዊት ሮማ ጀግኖች የደረሳቸውን ግጥሞች አሳተመ። መጽሐፉ እጅግ ተወደደ፤ የእንግሊዝ ተማሪዎች ለብዙ ዘመን በቃላቸው ሲያጠኑት ኖረዋል። የግጥሞቹም መነሻ አሳብ ይህ ነው። የሮማ የመጀመሪያ ታሪክ የተወለደው ሕዝቡ በየማዕዱ ሲዘፍናቸው ከነበሩ ግጥሞች ነው፤ ግጥሞቹ ግን ጠፍተዋል። እንግዲያውስ ባለቅኔ በአሳቡ ወደዚያ ዘመን ተመልሶ የጠፉትን ግጥሞች እንደገና ሊፈጥራቸው ይችላል። ይህ አሳብ ወደ ልቡ የመጣው በሕንድ አገር በነበረበት ጊዜ መሆኑን ራሱ ለወዳጁ ጽፏል። አስተውሉ፤ በዚያች ምድር ማሃባራታና ራማያና አልጠፉም ነበር፤ በየመንደሩ ይነበባሉ፥ ይዘመራሉ፥ በየአደባባዩ ይታያሉ። እርሱ ግን በእነርሱ መካከል ተቀምጦ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የጠፋውን የሮማን ዘፈን ያዳምጥ ነበር። ለጠፋው የሰጠውን አክብሮት በፊቱ ላለው ነፈገው። የምንወደውን ሰው ዝምታውን እንኳ እንተረጕምለታለን፤ የማንወደውን ግን እየጮኸም አንሰማውም።

ይህ ጠባይ በሕንድ ነገር ብቻ የተገለጠ ቢሆን፥ የቅኝ ገዥነት መንፈስ ያመጣው ነው ብለን እናበቃ ነበር። ነገር ግን የገዛ አገሩን ታሪክ በጻፈ ጊዜም ተገልጧል። የማኮሌይ የእንግሊዝ ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች በ1848፥ የሚከተሉት ሁለቱ በ1855 ወጡ፤ አምስተኛው ደራሲው በ1859 ከሞተ በኋላ በ1861 ታተመ። መጽሐፉ ታሪክን ከሊቃውንት ጠረጴዛ አውጥቶ ወደ ተራው አንባቢ ቤት ያስገባ ትልቅ ሥራ ነው። በ1856 አሳታሚው ለደራሲው የ20,000 ፓውንድ ቼክ እስከ መስጠት የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ። በ1685 የሞንመዝ መስፍን በንጉሥ ጄምስ 2ኛ ላይ በተነሣ ጊዜ፥ በቶንተን ከተማ የሚማሩ ልጃገረዶች ሰንደቅ ዓላማ ሰጥተውት ነበር። ዐመፁ ከከሸፈ በኋላ የንግሥቲቱ ደንገጡሮች ከልጃገረዶቹ ወላጆች የምሕረት ገንዘብ ለመቀበል ፈለጉ፤ ገንዘቡንም የሚያስማማላቸው ሰው ተፈለገ። ስለዚሁ ጉዳይ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ «ሚስተር ፔን» ለሚባል ሰው የተላከ ሆኖ ተገኘ። ማኮሌይም ይህ ሰው የኩዌከሮች ማኅበር አባልና የፔንሲልቫንያ መሥራች የሆነው ዝነኛው ዊልያም ፔን ነው ብሎ፥ በሕፃናት ዋስትና ገንዘብ በመደራደር ስሙን አጠቈረው። በ1849 ዊልያም ኤድዋርድ ፎርስተር የተባለ ጸሐፊ ክሱን በጽሑፍ ተቃወመ። የደብዳቤው ስም በመጨረሻው ፊደል ከዊልያም ፔን ስም ይለያል፤ ደግሞም በዚያ ዘመን ይህን በመሰለ የምሕረት ድለላ የተሰማራ ጆርጅ ፔን የተባለ ሌላ ሰው እንደ ነበረ ታወቀ። የኩዌከሮች መልእክተኞችም ማኮሌይን ሄደው አነጋገሩት። እርሱ ግን አሳቡን አልለወጠም፤ በኋለኛው እትምም ያንኑ ደግፎ ተከራከረ። የአንድ ሰው ክብር በአንድ ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፥ ታላቁ ጸሐፊ ጽሑፌን አስተካክላለሁ ማለት ከበደው።

ይህን ባነበብን ጊዜ በልባችን ልንስቅበት ጀምረን ነበር። ወዲያው ግን የራሳችን ነገር ትዝ ስላለን ሳቃችን ቆመ። ከዓመታት በፊት በምንሠራበት መሥሪያ ቤት የአንዲት ባልቴት ማመልከቻ ቀረበልን፤ የሟች ባለቤቷ የጡረታ አበል እንዲሰጣት የምትጠይቅ ነበረች። መዝገብ ቤቱ ካወጣልን ፋይል ስሙን ከነአባቱ ስም አገናዘብን፤ ልክ ነው። ፋይሉ ግን ሰውየው በጥፋት ከሥራ የተሰናበተ መሆኑን ያመለክታል። እኛም ወዲያው ጥያቄው የማይገባ መሆኑን በሚገባ በተጠረበ አማርኛ ጽፈን ለአለቃችን አቀረብን። አለቃችንም አጻጻፋችንን አመሰገኑ። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ ባልቴቲቱ ልጇን አስከትላ ተመልሳ መጣች። ልጁ በትሕትና «ጌታዬ፥ የአያቴን ስም ይመልከቱልኝ» አለን። ማመልከቻው ሦስት ገጽ ነበረው፤ የአያቱ ስም በሦስተኛው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያን ገጽ አልገለጥነውም ነበር። በአንድ ስምና በአንድ ያባት ስም የሚጠሩ ሁለት ሠራተኞች ኖረዋል፤ የተሰናበተው ሌላው ነው።

እውነቱን ለማወቅ የወሰደብን ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ማረሚያውን ለመጻፍ ግን አራት ቀን ፈጀብን። ወረቀቱ አልጠፋም፤ ሥራም አልበዛብንም። በገዛ ፊርማችን ሥር ተሳስተናል የሚል ሌላ ፊርማ ማኖር እንደ ሞት ከብዶን ነው። በእነዚያ አራት ቀኖች ባልቴቲቱ የበላችውን እንጀራ ከማን እንደ ተበደረችው እስከ ዛሬ አናውቅም። ጽሑፋችን ባያምር ኖሮ አለቃችን ምናልባት መዝገቡን ደግመው ይመለከቱት ነበር። ስለዚህ የማኮሌይን ነገር የምንጽፈው ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጠን አይደለም፤ ከዚያው ከእርሱ አጠገብ ሆነን ነው።

ለዚህ ክርክራችን የሚቀርቡ መልሶች መኖራቸውን እናውቃለን። መጀመሪያው፥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ሕንዶችን ጠቅሟል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው። ከማኮሌይ በፊት በ1817 የካልካታ ሰዎች በገዛ ገንዘባቸው ሂንዱ ኮሌጅ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቁመው ለልጆቻቸው እንግሊዝኛ አስተምረዋል፤ ታላቁ የሕንድ ሊቅ ራም ሞሃን ሮይም በ1823 የአውሮፓ ሳይንስ ለአገሩ ልጆች እንዲሰጥ ለጠቅላይ ገዥው በጽሑፍ አመልክቷል። እኛም በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማኮሌይንም ያነበብነው በዚሁ በተማርነው ቋንቋ ነውና ለዚህ ዕድል አመስጋኞች ነን። ነገር ግን ራም ሞሃን ሮይ ሳንስክሪትን፥ ዐረብኛንና ፋርስኛን የሚያውቅ ሰው ነበር። አንዱን ሲመርጥ ሌላውን አንብቦ ነው የመረጠው። የባዕድ ቋንቋ ለልጅ ይጠቅመዋል ማለት አንድ ነገር ነው፤ የአባቱ መጻሕፍት ከንቱ ናቸው ብሎ ለልጁ መንገር ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ምክር ነው፤ ሁለተኛው ሳይሰሙ መፍረድ ነው። ገንዘቡን ለእንግሊዝኛ ለማድረግ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው መልስ፥ ዘመኑ እንዲያ ነበር የሚለው ነው። ሰር ዊልያም ጆንስ ከማኮሌይ ቀድሞ መኖሩ ለዚህ በቂ ምላሽ ይመስለናል። ከዚህም በላይ በዚያው በ1835 ሄንሪ ፕሪንሴፕ የተባለው የኮሚቴው አባል የማኮሌይን አስተያየት በጽሑፍ ተቃውሞታል። እንግዲህ ሌላው ወገን በዚያው በዘመኑ፥ በዚያው በካልካታ ይናገር ነበር። ዘመንን መውቀስ የሚገባው በዘመኑ ሌላ ድምፅ ያልነበረ እንደ ሆነ ነው።

ሦስተኛው መልስ ግን ከሁሉ የከበደ ነው፤ እኛንም በቅርብ ይነካናል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉን አንብቦ አይጨርስም፤ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ይጠብቀዋል፤ ቀን ይመሻል፤ አለቃ ይጠይቃል፤ ባለጉዳይም ቶሎ መልስ ይፈልጋል። ሁሉ እስኪታወቅ ይጠበቅ ቢባል ምንም ነገር አይወሰንም፤ አለመወሰንም ራሱ በደል ነው። ይህን አንክድም። ስለዚህ የምንጠይቀው ሁሉን አንብቡ አይደለም። የምንጠይቀው ፍርዳችን ከንባባችን አይለፍ ነው። ሁለት ገጽ ያነበበ ሰው የሁለት ገጽ ፍርድ ይፍረድ፤ ከዚያ ያለፈውን፥ ይህን አላየሁትም ብሎ በግልጽ ይተው። ማኮሌይ ስለ ገንዘቡ ብቻ አስተያየት ቢሰጥ ኖሮ የሚያውቀውን ተናግሮ ባበቃ ነበር። ስለ ሁለት ታላላቅ ሥልጣኔዎች ዋጋ ሲፈርድ ግን ከንባቡ አልፎ ሄደ። ደግሞም የንግግር ስጦታ ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባዋል። አንደበተ ኰልታፋ ሰው ቢሳሳት የሚከተለው ጥቂት ነው፤ አንደበተ ርቱዕ ሰው ቢሳሳት ግን ብዙዎች ደስ እያላቸው ይሳሳታሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማኮሌይን መጻሕፍት እንጣላቸውን? በጭራሽ። ስለ አይሁዶች መብት የተናገረውን፥ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን የጻፈበትን ግልጽነት፥ የታሪኩን ሕያውነት ከእርሱ መማር ይገባናል። በ1833 በፓርላማ ባደረገው ንግግር፥ የሕንድ ሕዝብ ተምሮ የራሱን ነጻ አስተዳደር የሚጠይቅበት ቀን ቢመጣ ለእንግሊዝ የሚያኰራ ቀን እንደሚሆን ተናግሮ ነበር። ያም ቀን በ1947 መጣ። መጣሩ ብዙ ሥቃይ ያለበት ቢሆንም፥ በዚያ ትግል ውስጥ በእንግሊዝኛ የተማሩ ሕንዶች የገዥዎቻቸውን መጻሕፍት አንብበው ገዥዎቻቸውን በገዛ ቃላቸው ሞግተዋል። እነርሱ የማኮሌይን ወገን አነበቡ፤ ስላነበቡም ክርክሩን አሸነፉ።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይባላል፤ ማኮሌይም በሰፈረበት ቁና ተሰፍሯል። ዛሬ ስሙን በክፉ የሚያነሡት ብዙዎች አንዱን መጽሐፉን እንኳ ገልጠው አላዩም፤ ከዚያ አስተያየት አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምተው በሰውየው ሁለመና ላይ ይፈርዳሉ። ይልቁንም እርሱ ያላለው ቃል በስሙ ሲዞር ይታያል። የሕንድን መንፈስ ለመስበር ትምህርቷን ማጥፋት ያስፈልጋል ብሎ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1835 ለእንግሊዝ ፓርላማ ተናገረ የሚል ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በዚያን ቀን ግን ማኮሌይ በእንግሊዝ ፓርላማ አልነበረም፤ በሕንድ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ የሕይወት ታሪኩን አንድ ገጽ መግለጥ በቂ ነው፤ ዳሩ ግን የሚገልጠው ጥቂት ነው።

ብድር ተመለሰ ብለን ልንደሰት እንችል ይሆናል። ነገር ግን ሳያነብ በፈረደ ሰው ላይ ሳናነብ ብንፈርድ፥ እርሱን አልረታነውም፤ ወራሾቹ ሆንን እንጂ። እንግዲህ ማኮሌይን የምንነቅፍ ብንሆን አስቀድመን እናንብበው። ነገ ጧትም ጠረጴዛችን ላይ የማናውቀው ሰው ማመልከቻ ሲቀርብ፥ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ሦስተኛውን ገጽ እንግለጥ።